የወገዳ ብሎኬትና የሚሸጠው ደረጃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አርፎ አያውቅም። ንፋስ መውጫ ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከክምሩ አንድ ብሎኬት አንስቼ፣ በጣቴ አንኳኩቼ፣ በቀዳዳው አሻግሬ አይቼ ነው ወደ ቦታው የምመልሰው። ግንበኞቹ ለምደውኛል። "ኧረ እትዬ እመቤት መጡ፣ ደብቁት ደብቁት!" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ሥራ ላይ ሳለሁ ይህ ያልፋል፣ ይህ አያልፍም ስል የማውቀውን ነበር የምናገረው። አሁን ግን የማውቀው ነገር ዛሬም ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ነው የሚያንቆራጥጠኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ብሎኬት ምን ያህል ጠንካራ፣ ምን ያህል ወፍራም መሆን እንዳለበት የሚደነግግ ሰነድ አለ፤ ደረጃ እንለዋለን። ደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት ያወጣዋል፣ በየጊዜውም ያሻሽለዋል። ሰነዱ ግን እንደ ማስታወቂያ በየቢሮው አይለጠፍም፤ ይሸጣል። የገዛ ያነባል፣ ያልገዛ ይቀርበታል። መሥሪያ ቤቱም ከሽያጩ በሚያገኘው ራሱን ይደጉማል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሰነድ ስፈርድ ኖሬ፣ አንድም ቀን የራሴ ቅጂ ኖሮኝ አያውቅም።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ይታይሽ ናት፣ ከወገዳ። ይታይሽ እዚያ የሚገኘው የሴቶች የብሎኬት ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ከእኔ ጋር ዕድሜያችን ይቀራረባል።

"እመቤት፣ አዲሱ ወጣ" አለችኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

"የቱ አዲሱ?"

"የብሎኬቱ ነዋ! ተሻሽሎ ወጣ። ገዝተነዋል። በይ ነይ።"

"ምኑ ተለወጠ? የቱ አንቀጽ? የብሎኬቱ ግድግዳ ውፍረት ተነካ እንዴ?"

"በስልክ አልነግርሽም። ነይና ስሚው" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ይህቺ ሴትዮ ልትገድለኝ ነው! ያን ቀን ቦርሳዬን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። ልጄ "እማዬ፣ ለአንድ ወረቀት ብለሽ በዚያ መንገድ ልትንገላቺ ነው?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ነገሩ የሚጀምረው ከጋሼ መንክር ነው፣ እሷ ደግሞ ጋሼ መንክርን አታውቃቸውም።

ትውልዴ እስቴ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ እዚያው መካነ ኢየሱስ የነጋዴ ሚዛን ቁጥጥር ላይ ተመደብኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ፊርማቸው የሚያምር፣ ከወንበራቸው የማይነሡ ሰው ነበሩ። የተዛባ ሚዛን ይዤ ስመጣ "አንቺ ልጅ፣ ምን ያቅበጠብጥሻል?" ይሉኛል። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ አበሉ ይዘገያል፤ ይህን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ስለሚያውቀው አላሰለቻችሁም። መቀመጡ ሲያንገሸግሸኝ ዝውውር ጠየቅኩ። ንፋስ መውጫ፣ የግንባታ ዕቃዎች ቁጥጥር ላይ ተላክሁ። ጋሼ መንክር የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ላይ ዘወትር የሲሚንቶ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረዋል። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓውን የትም ይማረው የት፣ መምህር መባል የሚፈልግ ሁሉ እዚያ መጥቶ ያውቃል ተብሎ ሊመሰከርለት ይገባል። ጋሼ መንክር ሊያስመሰክሩ ጥቂት ሲቀራቸው አባታቸው ሞቱ፣ ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ጥለውት ወጡ። "እኔ ሳላስመሰክር የቀረሁ ነኝ" ይላሉ እየሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ነው የሚቆመው።

በቢሯችን አንድ የብሎኬት ደረጃ ነበረ፤ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ደግ አለቃ የገዙት። ጋሼ መንክር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው ይላል። ሌላው ቢሮ ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ይሠራል፤ እሳቸው እንቢ አሉ።

"ታዲያ ጋሼ፣ ሁላችን በአንድ ቅጂ እንዴት እንሠራለን?" አልኳቸው ገና እንደመጣሁ።

"ጭንቅላት የተሰጠሽ ሻሽ ለማሰር ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ሰነዱን በቃላቸው ይዘውታል! ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ። እኛንም ጠዋት ጠዋት ለመስክ ከመውጣታችን በፊት ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ያስጠኑናል። እሳቸው ሰነዱን ይዘው ይከታተላሉ፣ እኛ በቃላችን እንወጣዋለን። አንድ ቃል ከተሳሳትን "ተመለሽ" ነው መልሱ። የተሳሳትሽው ቃል ላይ አይደለም የምትመለሽው፤ ከአንቀጹ ራስ ነው። በድጓ ቤት እንደዚያ ስለሚደረግ። እኔ ደግሞ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፣ ቆሽቴ ያርራል! አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይህ እኮ ዜማ አይደለም፣ የብሎኬት ደረጃ ነው" ብላቸው "በዜማ የሳተ ያፍራል፣ በዚህ የሳተ ልጆች ላይ ግድግዳ ይጥላል። የቱ ይብሳል?" አሉኝ።

ደግሞ እውነታቸውን ነበር። ማምረቻ ስትሄዱ ባለቤቱ ጥሩ ጥሩውን ከፊት ይደረድራል። ጋሼ መንክር ፊት ለፊቱን ገልመጥ ሳያደርጉ ወደ ኋላው ይዞራሉ፤ ከታችኛው ረድፍ፣ ከአጥሩ ጥግ ያወጣሉ። ሁለቱን ብሎኬት ያጋጫሉ። የደረቀና የጠነከረ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ያልበሰለ ደግሞ ዱፍ ይላል። አንዱን ሰብረው ሆዱን ያያሉ፤ ጠጠሩ ከተሰበረ ሲሚንቶው ይዟል፣ ጠጠሩ ሳይሰበር ተነቅሎ ከወጣ ግን አልያዘም። ከዚያ በካሊፐር በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለውን ግድግዳ ይለካሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንቀጹን በለሆሳስ ይሉታል።

መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ "በበዓል ማን ያጠጣል?" ይላሉ። ብሎኬት ተመትቶ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ቀን በቀን ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም። በእኛ አገር ደግሞ ሰንበት አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለ፣ ገብርኤል አለ፤ በበዓል ባልዲ የሚያነሣ የለም። ፀሐይዋ ግን በዓል አታከብርም። "በዋዜማው አትምቱ። ከመታችሁም በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት" ይሏቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሰነዱ ላይ የለም፣ እሳቸው ጋ ነው ያለው።

እንዲህ እየሠራን ሳለ ነው የወገዳው ጉዳይ የመጣ።

ወገዳ ውስጥ ሴቶች ተደራጅተው ብሎኬት ማምረት ጀመሩ። ቀድሞ ከወንዝ አሸዋ በጀርባቸው እያመላለሱ ለሥራ ተቋራጭ ያቀርቡ የነበሩ ናቸው። ከባሕር ዳር ሻጋታ፣ ማለትም የብሎኬት ቅርጽ ማውጫ፣ አስመጡ፤ ለሻጋታው መዋጮ ይታይሽ በሬዋን ሸጠች። ባሏ ሞቶባታል። ጥንድ ከነበሩት አንዱ በሬ ሲሄድ መሬቷን ለሌላ አራሽ የእኩል ሰጠች። እንግዲህ ብሎኬቱ ካልሆነ የሚበላ የለም ማለት ነው። ከተማው ላይ ተጨማሪ የመማሪያ ክፍሎች ሊሠሩ ነበር፤ የሴቶቹ ብሎኬት ካለፈ እነሱ ያቀርባሉ፣ ካላለፈ ተቋራጩ ከደብረ ታቦር በመኪና ያስጭናል። ክረምቱ እየቀረበ ነው። ዝናቡ ከገባ መንገዱ ስለሚቆረጥ ተቋራጩ ቶሎ በሉ እያለ ይጨቀጭቃል።

ከጋሼ መንክር ጋር ሄድን። ሴቶቹ ግቢውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ይጠብቁናል። ጋሼ መንክር እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ዞሩ። አጋጩት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሰበሩት፣ ጠጠሩ አብሮ ተሰበረ። እኔ ልቤ ደስ አላት። ከዚያ ካሊፐሩን አወጡ፣ ለኩ። ሌላውን ለኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ግድግዳው ሳስቷል" አሉ። አንቀጹን በቃላቸው ተወጡትና "ይህ አያልፍም" አሉ።

ይታይሽ ወደ ፊት ወጣች። "ጋሼ፣ ሻጋታውን የሸጠልን ሰው በአዲሱ ደረጃ የተሠራ ነው ብሎናል።"

"አዲስ የሚባል የለም፣ እህቴ። ነጋዴ ለመሸጥ የማይለው ነገር የለም።"

"እሺ፣ አሮጌውንስ ያሳዩኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ።"

"ሰነዱ ቢሮ ነው። አይባዛም፣ ከቢሮም አይወጣም።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው! በሬዬን የሸጥኩበትን ነገር በማላየው ወረቀት ሊጥሉብኝ ነው?"

ጋሼ መንክር አንቀጹን እንደገና አሉላት፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል። ይታይሽ እስኪጨርሱ ጠብቃ "ይህማ የአንቱ ቃል ነው" አለቻቸው። ስድብ አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የተናገረችው። እሳቸው ግን ሰውነታቸው ሲደነግጥ አየሁ።

ስንመለስ መኪናው ያንገላታናል። እኔ ሴቶቹ ከዓይኔ አልጠፉ አሉኝ፤ ያንን የተጠረገ ግቢ አስባለሁ። ጋሼ መንክር አንድ ጊዜ ብቻ "ድምፁ እኮ ጥሩ ነበር" አሉ፣ ለራሳቸው ነው የሚናገሩት።

በማግሥቱ አለቃችን አቶ ውባለ ዘንድ ገቡና ወደ አዲስ አበባ እንዲደውሉ አስቸገሯቸው። ተደወለ። ደረጃው ከተሻሻለ ቆይቷል ተባለ። ጋሼ መንክር በር ላይ እንደቆሙ ግድግዳውን ተደገፉ። በድጓ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚያ የተጻፈው እንደተጻፈ ነው የሚኖር፤ በቃል የያዙት ነገር እስከ ሞት ያገለግላል። ይህኛው ጽሑፍ ተሽሮ በሌላ እንደሚተካ ያውቁ ነበር፣ ግን በልባቸው አላመኑትም። ቀድሞ የነገራቸውም የለም። አዲሱ መውጣቱን የሚያውቅ የሚገዛ ሰው ነው፣ የእኛ ቢሮ ደግሞ አይገዛም።

"ይገዛ" አሉ ጋሼ መንክር።

"በዚህ ዓመት በጀት የለውም" አሉ አቶ ውባለ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ጨንቋቸው ነው። "ለነዳጅ አለኝ፣ ለወረቀት አለኝ፤ ለሰነድ መግዣ የሚባል መደብ የለኝም። ለሚቀጥለው ዓመት እንጠይቃለን።"

"ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ በደብረ ታቦር ብሎኬት ያልቃል!" ብዬ ጮህኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አቶ ውባለ ገላመጡኝ።

ጋሼ መንክር ግን ፈቃድ ሞሉ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብለው ሄዱ። እኔ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ይታይሽ ትደውላለች፤ "ተቋራጩ መኪና እያነጋገረ ነው፣ ምን ልበለው?" ትላለች። እኔ "ትንሽ ታገሡ" እላለሁ፤ ምን እንደሚጠበቅ ግን አላውቅም። እናደዳለሁ፣ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው እወጣለሁ፣ ደጅ ቆሜ ሰማዩ ላይ ደመና እቆጥራለሁ። በእውነቱ በጋሼ መንክርም ተናድጄባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ዘመድ ይጠየቃል?

ሲመለሱ ከስተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። የትም ዘመድ ጋ አልሄዱም። ደረጃ አውጪው መሥሪያ ቤት የንባብ ክፍል አለው፤ እዚያ ተቀምጦ ማንበብ በነፃ ነው፣ መገልበጥ ግን አይቻልም። ስልክና እስክርቢቶ በር ላይ ይቀራል። ጋሼ መንክር በሩ ሲከፈት ገብተው ሲዘጋ እየወጡ አዲሱን ሰነድ በቃላቸው ይዘውት መጡ።

"ጭንቅላቴን አልፈተሹትም" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ወዲያው እንባዬ መጣ።

የንባብ ክፍሉን የምትጠብቀዋ ሴት ግራ ገብቷት "አባቴ፣ ምን እያነበነቡ ነው?" ብላ ጠይቃቸዋለች። ነገሯት። ተናድደው ስለነበር "ሕግ እንደ ሽንኩርት ይሸጣል?" አሏት። እሷም ቁጭ ብላ መለሰችላቸው። ይህን ሰነድ ለማውጣት ባለሙያ ከየቦታው ይጠራል፣ ብሎኬት በማሽን እየተደቆሰ ይፈተናል፣ ማሽኑ ራሱ በየጊዜው ይስተካከላል፤ መንግሥት የሚሰጠው አይበቃም፣ የጎደለውን የሚሞላው ሽያጩ ነው። ሁሉም ገልብጦ ከወሰደው ቀጣዩን እርማት ማን ይሠራዋል? እንዲህ ነው ያለቻቸው።

"እርስዎስ ምን አሏት?" አልኳቸው።

"ምን እላለሁ? እኔ ድጓ ስማር ማን አበላኝ? አኮፋዳዬን ተሸክሜ፣ ውሻ እያባረረኝ፣ በየደጁ ቁራሽ ስለምን ነው የተማርኩ። ገበሬው ባይሰጠኝ ኖሮ ትምህርቱም አይኖርም ነበር። ይህ ሽያጭም የእነሱ አኮፋዳ ነው አልኩ በልቤ።"

"ግን ጋሼ፣ እናንተ የለመናችሁ ካለው ነው። ይታይሽ ምን አላት?"

ከኮታቸው ላይ ዱቄቱን አራገፉ። "እሱን አልመለስኩም" አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ያቺ ሴትዮ ያለችው ይገባኛል፤ ይታይሽን ሳስብ ግን አይዋጥልኝም። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ ሲጣሉ ይኖራሉ።

አዲሱ ደረጃ በዓምዶች መካከል የሚሞላ፣ ጭነት የማይሸከም ብሎኬት ግድግዳው ሳሳ ቢል ይፈቅዳል፤ በምትኩ የጥንካሬውን ፈተና አጥብቋል። ሻጋታው ትክክል ነበር። ጋሼ መንክር ይህን ለአቶ ውባለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጡላቸው። አቶ ውባለ አፋቸውን ይዘው ሰሙና "ጋሼ መንክር፣ ግሩም ነው። ግን ኦዲተር ሲመጣ አንቱን ነው ፋይል ውስጥ የማስቀምጥ? ወረቀቱ ይምጣልኝ" አሉ። እውነት ነው፣ ምን ያድርጉ?

ለይታይሽ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። "ስለዚህ የሚሸጥ ነገር ነው?" አለች።

"አዎ፣ ግን..."

"የሚሸጥ ከሆነማ እንገዛዋለን። ሲሚንቶ እንገዛ የለ? ይህንንም እንደ ሲሚንቶ እንቆጥረዋለን።"

አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከው። ደረሰኙ በማኅበሩ ስም ነው፤ ሽፋኑም ላይ የማኅበሩ ስም ተጽፏል። እነዚያ በጀርባቸው አሸዋ ያመላልሱ የነበሩ ሴቶች አቶ ውባለ ያልገዙትን ሰነድ በስማቸው አስመጡት።

ሁላችንም ወገዳ ወረድን፤ አቶ ውባለም፣ ተቋራጩም አለ። አቶ ውባለ ሰነዱን ተቀብለው ማገላበጥ ሲጀምሩ ጋሼ መንክር ኮታቸውን አወለቁ።

"ከመለካታችን በፊት አንድ ነገር አለኝ" አሉ። "በዚህ ግቢ ቆሜ በተሻረ ቃል ፈርጄአለሁ። ዛሬ ልክ መያዜ በሁላችሁ ፊት ይታወቅልኝ። እኔ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ አንድ ሰው ሰነዱን ይዞ ይከታተለኝ።"

"እኔ ልያዝልዎ" አሉ አቶ ውባለ።

"የለም፣ ይታይሽ ትያዘው። የተፈረደባት እሷ ናት።"

ይታይሽ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ተቀበለች። ጋሼ መንክር ብሎኬት ክምሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ቤተ ልሔም ሳይቆሙ የቀሩት ነገር ትዝ ብሏቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም፤ እኔ ግን ትዝ አለኝ። ጀመሩ። መጠኑን አለፉ፣ የድብልቁን አለፉ። የይታይሽ ጣት ከመስመር መስመር ይወርዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ መንክር የግድግዳው ውፍረት አንቀጽ ላይ ደረሱ፣ ሳይደናቀፉ፣ ድምፃቸው ሳይወርድ ተወጡት።

የይታይሽ ጣት ቆመ። ቀና አለች፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

"ጋሼ" አለች ፈራ ተባ እያለች። "ይመለሱ።"

አሮጌውን ነበር የተናገሩት። ያን ሁሉ ሰነድ እንደ ውሃ አፍስሰውት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የያዙት ያ አንድ ልክ ከአፋቸው አልወጣ አለ። ያውም ሴቶቹን የጣለው ልክ! አቶ ውባለ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሼ መንክር ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ያፈሩ መስሎኝ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ግን የማየው እፍረት አልነበረም። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፣ ለመምህር እንደሚደረገው።

"ተመልሻለሁ" አሉ። ከአንቀጹ ራስ ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ልክ ያዙት፣ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥም ሄዱ። ይታይሽ ሰነዱን አጠፈችና "ይኸው ነው፤ አንድም አልቀረ" አለች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ብሎኬቱ ተለካ፣ ናሙናው ተፈተነ፣ አለፈ። ሁሉም አላለፈም እንዲያውም፤ አንዱ ክምር በአዲሱ የጥንካሬ ፈተና ወደቀ። የማርያም ዋዜማ የተመታው ነው። ይታይሽ ማንንም ሳትጠብቅ መዶሻ አንስታ ራሷ ሰባበረችው። የቀረው ለትምህርት ቤቱ በቃ፤ ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያው ተመታ። ከዓመት በኋላ ይታይሽ በሬ ገዛች፤ ደውላ ቀለሙን ነገረችኝ፣ ቦራ ነው።

ጋሼ መንክር ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ በየዓመቱ አዲስ አበባ ይወርዱ ነበር፤ የያዙት ተለውጦ እንደሆነ ሊያዩ። ከመስክ ስንመለስ ሁልጊዜ "እመቤት፣ ተሽሮ ይሆን?" ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ከእሳቸው ወደ እኔ ተጋባ። ከሞቱ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ ጡረታ የወጣሁትም ይዤው ነው።

እንግዲህ ይታይሽ በስልክ ጠርታኝ ወገዳ የደረስኩት አቧራ ለብሼ፣ ወገቤ ተቆርጦ ነው። ይታይሽ ግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። ዛሬ ሰነዱ በስልክ ይገዛል፣ ከየገጹ ግርጌ የገዢው ስም ታትሞ ይመጣል። በየገጹ የማኅበሩ ስም አለበት። ሌሎች የወገዳ ብሎኬት አምራቾችም ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ይታይሽ አታባዛም፤ አዲስ በወጣ ቁጥር ጠርታ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች።

"በይ ስጪኝ" አልኳት እጄን ዘርግቼ። "መጀመሪያ እኔ ልየው!"

"ምን ሲደረግ!" አለች ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠግታ። "መጀመሪያ የያዝሽውን በዪ። እኔ ነኝ የምይዘው።"

"ይታይሽ፣ ደክሞኛል እኮ፣ ውሃ እንኳ አልጠጣሁ።"

"ውሃው አለ። ጀምሪ።"

ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ከርዕሱ፣ ከመጠኑ፣ ከድብልቁ። አልረሳሁትም! አንዲት ቃል አልረሳሁም። የግድግዳውን ውፍረት በልበ ሙሉነት አለፍኩ፣ ይታይሽም ዝም አለች። ውሃ ማጠጣቱ ዘንድ ስደርስ ጣቷ ቆመ። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ በላዩ አየችኝ።

"ተመለሽ" አለች።

የተሻረው የቱ እንደሆነ አወቅኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ሲያንገበግበኝ የኖረው ነገር ያኔ ከደረቴ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ይታይሽ አዲሱን ቃል አንዴ አነበበችልኝ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና አልኩና ከአንቀጹ ራስ ጀመርኩ።